ለዩቪ መብራት ከመክፈላችሁ በፊት ጀሪካናችሁን እዩት

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚበዛብኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ ውሃ የሚያክመውን የዩቪ መብራት ልግዛ ወይ?» የሚል ነው። ለአብዛኛው የኮልፌ ቀራንዮ ቤት መልሴ አትግዙ ነው።

መብራቱ አይሠራም አላልኩም። ትክክለኛው አልትራቫዮሌት ጨረር የጀርሙን ዘረመል ስለሚጎዳው መራባት ያቅተዋል። ለክሎሪን ቶሎ የማይበገረውን ጃርዲያን እንኳ ያሸንፋል። ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ግን ጨረሩ የሚሠራው ውሃው ላይ ባረፈበት ሰዓት ብቻ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚቀር መከላከያ የለም። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ በሌሊትም ተነስተን ሮቶውን፣ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን እንሞላለን፣ ከዚያ ለቀናት እንቀዳለን። ጣሳ ይገባል፣ የልጅ እጅ ይገባል። ጠዋት በመብራት የታከመ ውሃ ተመልሶ ያልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ከገባ ምን ዋጋ አለው? የደፈረሰ ውሃም ጨረሩን ይጋርደዋል። መብራት ሲጠፋስ? (እሱን ለእናንተ አልነግርም።)

በጣም የሚያናድደኝ ያ ሰማያዊ የሚያበራ እስክሪብቶ መሳይ ነገር ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሁሉ ዩቪ አይደለም። እውነተኛው የመብራት ዩቪ ቢሆን እንኳ ተራ ብርጭቆና ፕላስቲክ አያሳልፈውም፤ ከጆጉ ውጭ ማብራት ጨዋታ ነው። የልጅ ዓይን ላይ ካረፈ ግን ይጎዳል።

ዩቪ ካማራችሁ ፀሐይ በነፃ አለ። የፀሐዩ ዓይነት በሃይላንድ ፕላስቲክ ያልፋል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ነው ጊዜ የሚፈልገው። ቀለም የሌለው፣ ንጹሕ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ሃይላንድ ውስጥ ጥሩ ውሃ ሞልታችሁ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ አጋድሙት፤ ደመና ከበዛ 2 ቀን። ከዚያው ጠርሙስ ስለምትቀዱ እጅ አይገባበትም። በሐምሌ ዝናብ ግን አትሞክሩት።

ለሕፃን አፍሉ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍያ ላጠረው ውሃ አጋር አለ፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አተት አዲስ አበባ በገባበት በ2008 ዓ.ም ክረምት ስንመክር የነበረውም ይኸው ነው፦ ማፍላት፣ ማከም፣ እጅ መታጠብ።

አሁንም መብራቱን እገዛለሁ ካላችሁ ሻጩን ጠይቁት፦ አምፖሉ ስንት ሰዓት ካገለገለ በኋላ ይቀየራል? መለዋወጫውስ የት ይገኛል? ከተንተባተበ ብሩን ክዳንና ቧንቧ ላለው ባልዲ አውሉት።