«ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ»

ስለ ጥርስ ያላችሁን ጥያቄ ጻፉልኝ ብላችሁ፣ ደብዳቤው ከአሰላ፣ ከኢተያ፣ ከዴራ፣ ከሁሩታና ከበቆጂ ጎረፈልኝ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስት መርጫለሁ። እኔ እንደምታውቁት ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤዎቻችሁን ይዤ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ሄጄ፣ ጠይቄና አንብቤ ነው መልሱን ያዘጋጀሁት። «ስሜ አደራ» ስላላችሁም የማንንም ስም አላነሣም።

ጥያቄ፦ «የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ያደግሁት ከዴራ በታች ቆላው ላይ ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው። አሰላ ከመጣሁ ወዲህ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። በአመድም፣ በከሰልም፣ በሎሚም ፈተግሁት፤ አልለቅ አለኝ። አሁን አንድ ልጅ ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው። የምወልዳቸው ልጆች እንደኔ ቢሆኑስ ብዬ ፈራሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አመዱንና ሎሚውን አስቀምጪ። ያንቺ ጥርስ ቆሻሻ የለበትም፤ ስላልፋቅሽውም አይደለም የጠቆረው። ነገሩ የልጅነት ውኃሽ ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ፣ ከሥሩ የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በላይ የሆነውን ውኃ ሕፃን ልጅ ሲጠጣ፣ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስ ሽፋኑ ይበላሻል። ሲወጣ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከጭላሎና ከባዳ ተራራ የሚፈልቀው የደጋ ምንጭ ግን በአብዛኛው ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። ከዴራ እስከ አሰላ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የጥርሱ ልዩነት ግን የዚህን ያህል የሰፋው ለዚህ ነው።

ይህ ጉዳት የሚደርሰው ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ፣ በግምት ከልደት እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በዘር አይተላለፍም፣ በመሳሳምም አይጋባም። ልጆችሽ የሚወርሱት ጥርስሽን ሳይሆን የምታጠጫቸውን ውኃ ነው። አሰላ ከኖርሽና የደጋ ምንጭ ከጠጡ የሚያሰጋሽ ነገር የለም። ቆላ ከተመለስሽ ግን ቢያንስ እስከ 8 ዓመታቸው የዝናብ ውኃ አጠራቅመሽ፣ ወይም ፍሎራይዱ ተለክቶ ደህና የተባለ ውኃ ፈልገሽ አጠጫቸው። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያም ፍሎራይድ ይቀንሳል። አንድ ነገር አደራ! ውኃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል።

ነገሩ የመልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ እንዲህ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ፣ ጀርባቸው ጎብጦ ታይቷል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከባዳ ተራራ ምንጭ ተጠልፎ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ ወደ ሂጦሳ ሜዳ የወረደው የቧንቧ ውኃ ትልቅ ነገር ነበር የምለው።

የራስሽን ጥርስ በተመለከተ መፍትሔ አለ። ቀለሙ ቀለል ያለ ከሆነ ሐኪም የላዩን በስሱ ይሞርደዋል፤ የባሰ ከሆነ ጥርስ በሚመስል መሙያ የፊቱን ይሸፍነዋል። ገንዘብ ይጠይቃልና ዋጋውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ሽማግሌ ሊልክ የተነሣው ልጅ ግን ጥርስሽን አይቶ ነው የመጣው፤ እጅሽን ከአፍሽ ላይ አውርጂው።

ጥያቄ፦ «የሰባት ወር ልጄ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞታል። አማቴ ግግ ነው፣ ይውጣለት ይላሉ። የሚያወጡት ሴትዮ ለቅዳሜ ተቀጥረዋል። ባለቤቴም የእናቱን ቃል አያልፍም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እባክሽ ይህን እያነበብሽ ልጁን ታቅፈሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ! ግግ የሚሉት ያ ድድ ላይ ያበጠ ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ሊወጣ የተዘጋጀ የወተት ጥርስ ነው፣ ክራንቻው። ሲወጣ ድዱ ያሳክከዋል፣ ለሐጩ ይወርዳል፣ ይነጫነጫል፤ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ግን ከጥርስ አይመጣም። በዚህ ዕድሜ ልጁ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ምግብም ይጀምራል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርሱም በዚያው ወር ስለሚወጣ ጥፋቱ በጥርስ ላይ ይላከካል።

በሽቦ ወይም በምላጭ ሲጎረጎር ልጁ ደም ይፈሰዋል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል፤ መሣሪያው ሌላ ልጅ አፍ ውስጥ ገብቶ የነበረ ከሆነ ደግሞ ኤች አይ ቪ አለ። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል፤ ልጁ አድጎ ክራንቻው ተጣሞ ወይም ጭራሹኑ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን በዚያ መሐል ተቅማጡ ሳይታከም መቅረቱ ነው። የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነውና ጡት አታቋርጪ፣ ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ተቀበይ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መጥባት ካቃተው አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሪው።

ለአማትሽ በክብር እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።» ክፋት እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ለእሳቸውም ሲደረግ ያዩትን ነው። ሕጉ ግን አይራራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠቅሶ፣ በዚህ ሰበብ ሕፃን ቢሞት አድራጊውን ይቀጣል። ጉዳት ብቻ ቢደርስም ቀጣዩ አንቀጽ አለለት። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ጥያቄ፦ «የሰባት ዓመት ልጄ የኋላ መንጋጋው ተበላ። የወተት ስለሆነ ይነቀል፣ ሌላ ይበቅላል አሉኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ስንት ሰው በዚህ ተሸውዷል መሰላችሁ! ልጅ የወተት ጥርሱ 20 ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ከሁሉም በስተኋላ፣ ላይም ታችም፣ ግራና ቀኝ፣ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ የሚወጡት አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሆነ ወላጅ ልብ አይልም፤ የወተት ይመስሉታል። ቋሚ ናቸው፤ ከተነቀሉ ሌላ አይበቅልም። ከወዲያ ወዲህ ከመንቀልህ በፊት ልጁን አስመርምረው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ይሞላል። የወተት ጥርስም ቢሆን ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቱ ቦታውን ይይዝና የሚመጣው ጥርስ ይጣመማል። ልጁን ስኳር የበዛበት ሻይና ከረሜላ ቀኑን ሙሉ እንዳይልስ ከልክለው፤ ከብዛቱ ይልቅ መደጋገሙ ነው ጥርስን የሚበላው።

ጥያቄ፦ «ጉንጬ አብጧል። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስወስድ ይጠፋል፣ ስተወው ይመለሳል። የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል ስለሚሉኝ ፈራሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥርስ በመነቀሉ የጠፋ ዓይን የለም፤ የጥርስና የዓይን የማየት ነርቭ የተለያዩ ናቸው። የሚያስፈራውስ የምታደርገው ነው። መግሉ የተቀመጠው ከጥርሱ ሥር ስለሆነ፣ ምንጩ ካልተከፈተ ወይም ካልተነቀለ መድኃኒቱ እብጠቱን ያስተኛዋል እንጂ አያድነውም። እያቋረጥክ ስትወስድ ደግሞ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል። እብጠቱ ወደ አንገትህ ከወረደ፣ አፍህን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደህ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጥ። አስፒሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መለጠፍም ድዱን ያቃጥላል እንጂ አይረዳም። ትሉን አወጣለሁ ብሎ ጭስ የሚያጥን ካጋጠመህም እለፈው፤ ጥርስ ውስጥ ትል የለም።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከፈረስ ወድቆ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ወለቀ። ጣልነው። ሊመለስ ይችል ነበር?»

መልስ፦ ይችል ነበር፤ ፈረስ ጋላቢና ኳስ ተጫዋች በሞላበት በአርሲ ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው። የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ በነጩ በኩል ያዙት፤ ከቆሸሸ ለአፍታ አለቅልቁት፣ አትፈትጉት። ከቻላችሁ ቦታው መልሳችሁ ጨርቅ አስነክሱት። ካልሆነ ወተት ውስጥ ክተቱት። ወተት ደግሞ በእኛ አገር አይጠፋም! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፣ ተዉት።

«መፋቂያ ይሻላል ወይስ ኮልጌት?» ላላችሁም በአጭሩ ልመልስ። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በትክክል ከተፋቀበት ያጸዳል፤ ኮልጌቱ ደግሞ ፍሎራይድ ስላለው ጥርስን ከመበላት ይከላከላል። «ፍሎራይድ መጥፎ አላልክም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። መጥፎነቱ ሕፃን በብዛት ሲውጠው ነው፤ ጥርስ ላይ ተቀብቶ ሲተፋ መድኃኒት ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ እስከ ስድስት ዓመት ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል። በቀን ሁለቴ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት።

አያችሁ፣ አምስቱም ደብዳቤ ውስጥ ያለው ችግር መቸኮል ነው። በአመድ ለመፈተግ፣ በሽቦ ለመጎርጎር፣ ሳይጣራ ለመንቀል፣ የወለቀውን ለመጣል ሁላችንም እንቸኩላለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጥርስ ግን ካፈሰሱት በኋላ ለቀማ የለውም። እንግዲህ ቅዳሜ የተቀጠረብሽ እናት፣ የልጅሽን መዳን ጽፈሽልኝ በሚቀጥለው እትም ለአንባቢያን እንዳበስር እጠብቃለሁ።

ቸር ይግጠመን!