«ገባር» ሙያ አይደለም

ሰሞኑን ሳንሱሲ በተከራየናት አንዲት ክፍል ተሰብስበን ስንጫወት፣ ከመካከላችን አንዱ ከአሮጌ የመሬት መዝገብ የገለበጠውን ወረቀት አወጣ። ከቅድመ አያቱ ስም ትይዩ «ገንደበል» ይላል። «በላተኛ ነበሩ በለና!» ብለን ሳቅን። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ኋላ ግን ያፈርነው እኛ ነን። ገንደበል ማለት በዘመቻ ጊዜ የንጉሡን ድንኳንና ስንቅ የሚያጓጉዝ፣ በዚያም ግዴታ መሬት የሚይዝ ሰው ነው። ወረገኑ ደግሞ የቤተ መንግሥት ከብት ጠባቂ ነው።

ክርክራችን እንግዲህ ይህ ነው፦ መዝገቡ የጻፈው አያቶቻችን የሠሩትን ሁሉ ሳይሆን ጸሐፊው የፈለገባቸውን ነው። «ገባር» ግብር መገበሩን፣ «ጭሰኛ» በሰው መሬት መኖሩን ይነግረናል፤ በበጋ ሸማ ይሥራ፣ ብረት ይቀጥቅጥ አይነግረንም። በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። ሰውየው ግን በማግስቱም ያንኑ ሞፈር ጨብጦ ነበር። ሙያ ቢሆን በአዋጅ ይሻር ኖሯል?

«ቆጠራ ይነግረናል» የምትሉም አላችሁ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፉትን ከየት ያመጣቸዋል? መታወቂያውንስ አይተን የለ! ጠላ ጠምቃ፣ ጥጥ ፈትላ፣ ጉልት ተቀምጣ ልጆች ያሳደገች አያት «የቤት እመቤት» ተብላ ተጻፈች፤ አለቀ።

ከመዝገቡ ይልቅ የሚብሰው ግን የኛው አፍ ነው። በዶርም ወሬ የሁሉም አያት ባላምባራስ፣ ቢያንስ ጭቃ ሹም ናቸው። ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ የወለደው አንድም ተማሪ የለም! ታዲያ የለበስነውን ጋቢ ማን ሠራው? እንጀራው በማን ምጣድ ተጋገረ? ምኒልክ ሠሪን በሙያው መሳደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስድቡን ትተን መደበቁን ያዝን፤ ደብቆ ማፈር ከስድብ በምን ይሻላል?

ወገኖች፣ ለእረፍት ስንበተን «ከማን ዘር ነን?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን «በክረምት ምን ይሠሩ ነበር? በበጋስ? ለማን ይሸጡ ነበር? እማማስ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ከመዝገቡ ቃል ጎን እንጻፈው። ጓደኛችንም ወረቀቱን ከኪሱ ያውጣው።