የቁንዱዶ ፈረሶች ቤት

«ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ነው። ቢዮ አዋሌን በመሰለ የድሬዳዋ ገጠር የሚኖር ሰው ውኃና ግጦሽ ለከብት ምን ማለት እንደ ሆነ ሊነገረው አያሻም። ከዚያ በስተምሥራቅ፣ ሐረርን አልፎ፣ የቁንዱዶ ተራራ አለ፤ አናቱ ላይ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች ይኖሩበታል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት የተረፉ ናቸው ይባላል፤ ያምራል፣ ነገር ግን አፈ ታሪክ ነው። የማያጠራጥረው የቁጥራቸው ማነስ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ገደማ 11 ብቻ ነበሩ።

ይህን የሰማ ርኅሩኅ «እናውርዳቸው፤ የሚያሳድጋቸውም እንፈልግላቸው» ማለቱ አይቀርም። ጋሪ ሲጎትት አርጅቶ አስፋልት ዳር ለተጣለ ፈረስ ይህ ትልቅ ጽድቅ ነው። የቁንዱዶውን ግን ማውረድ ለዚያው ጋሪ ማጨት ነው! ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀልም ዘሩ ቀልጦ ይቀራል። ቤትማ አላቸው፤ የጎደላቸው የሚተውላቸው ሣር ነው። ሣሩን ደግሞ የገበሬው ላምም ትፈልገዋለች። እንግዲህ ለፈረሶቹ የሚቆረቆር ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይመልስ፤ ከብቱን ከተራራው ለሚያስቀር ገበሬ መኖውን ማን ይሰጠዋል?