የአሳው ልክ በፎቶ አይዛባ

በሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ጀልባዎች ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ ካሜራ የያዘ ሰው አይጠፋም። አጥማጁ እጁን ዘርግቶ አሳውን ወደ ካሜራው ያስጠጋል። ያኔ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከቅርብ የተነሳ ቆሮሶ ከሰውየው ፊት በልጦ ይታያል። ይህ ተመልካችን ማሳሳት ነው! ልኩን የሚያዛባው ቅርበቱ ስለሆነ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ማለት ይሻላል።

ፍላሽስ? ከካሜራው አናት በቀጥታ ሲበራ እርጥቡ ቅርፊት ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይጥላል፤ የቅርፊቱ መስመርም ቀለሙም ይጠፋል። ከጎን፣ በስስ ነጭ ጨርቅ ተጋርዶ ይብራ።

እኩለ ቀን ላይ ግን ኃይሉን ቀነስ አድርጎ ማብራት ግድ ነው፤ በባርኔጣ ጥላ የተዋጠውን የአጥማጁን ዓይን የሚያወጣው እሱ ነው። ዝግጅቱ ሁሉ አሳው ሳይወጣ ይጠናቀቅ፤ ከውኃ ከወጣ በኋላ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል።