ማስታወሻችን የማን ነው?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ያሰቡት በብራና ወይም በወረቀት ላይ የሰፈረውን፣ ባለቤቱ በእጁ ይዞ የሚያነበውን ጽሑፍ ነበር። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ግን ጽፈን ሳለ የጻፍነውን ከማናዝበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የመምህሩን ቃል፣ በቤተ መጻሕፍት ያነበብነውን፣ በየገጠሩ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀምነውን ሁሉ በስልክና በኮምፒዩተር የማስታወሻ ፕሮግራም ውስጥ እናኖራለን። ማስገባቱን እናውቅበታለን። ያስገባነውን በፈለግነው መልክ መልሶ ማውጣቱን ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ይህን የምንጠይቀው በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ዕድርና ስለ ሰንበቴ የሰበሰበውን ቃለ መጠይቅ ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ብቻ አኑሮት ነበር። ስልኩ ተበላሸ። በሌላ ስልክ ሊከፍተው ቢሞክር ፕሮግራሙ በዶላር የሚከፈል ወርኀዊ ሒሳብ ጠየቀው። ዶላር ከየት ያምጣ? ውጭ አገር ያለ ዘመድ ተለምኖ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ተገኘ። ካነጋገራቸው ሽማግሌዎች አንደኛው ግን በዚያው ክረምት ዐርፈዋል። ጽሑፉ ባይገኝ ኖሮ ዳግመኛ ሊጠየቁ አይችሉም ነበር።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድል ብቻም አይደለም። ኤቨርኖት የተባለው ስመ ጥር የማስታወሻ ፕሮግራም በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በነፃ ለሚገለገሉበት ሰዎች የሚፈቅደውን የማስታወሻ ቁጥር በ50፣ የደብተሩን ቁጥር በ1 ወስኗል። ቀድሞ የተጻፈውን ማንበብና ማውጣት ግን አልከለከለም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ቢሆንም ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አሳይቶናል። ኩባንያ ለትርፍ የቆመ ነውና ደንቡን ቢለውጥ አይደንቅም። የሚደንቀው እኛ የአራት ዓመት ድካማችንን መውጫው የት እንደሆነ ሳንጠይቅ ማስገባታችን ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ወደ ደብተር እንመለስ አንልም። ከማስታወሻ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ጽሑፋችንን የሚያስቀምጡት ኤስኪውላይት በተባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ይህን ቋት ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2000 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ለሕዝብ የተለቀቀ ስለሆነ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ይሠራበታል። ቋቱ በሙሉ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ በኪስ ፍላሽ ይገለበጣል። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትም መረጃን ለረጅም ዘመን ለማቆየት ከሚመክራቸው የፋይል ዓይነቶች ውስጥ ቈጥሮታል።

ይህን ፋይል የሚከፍት፣ በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። ጆፕሊን በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ መጀመሪያ ፋይሉን ይገልብጥ፤ በዋናው ላይ መሞከር የሞኝ ሥራ ነው። ከዚያ ግልባጩን በመሣሪያው ይክፈት። አንድ ቃል ቢጽፍ በውስጡ ያሉት ሠንጠረዦች ይዘረዘሩለታል። ከእነዚህ አንዱ ማስታወሻዎቹን ከነርእሳቸው ይዟል። «በውስጡ ሰንበቴ የሚል ቃል ያለበትን ማስታወሻ ሁሉ ርእሱን አሳየኝ» ብሎ በአንድ መስመር ይጠይቃል፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። «ውጤቱን ወደ ሌላ ፋይል ጻፍልኝ» ቢለው ደግሞ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚያነበው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያወጣለታል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ዶላርም አይጠይቅም።

«ይህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ሥራ ነው፤ እኛን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ምን አገባን?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ ደግሞ ከማንም ይልቅ የሚያገባን እኛን ነው እንላለን። መሣሪያው ቃልን የሚፈልገው በፊደሉ ነው። ለኮምፒዩተር «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ «አገር» ያለም «ሀገር» የሚለውን ያጣዋል። ጥያቄውን «ይህ ወይም ያ» ብሎ ማቅረብ ያስፈልጋል። የትኛው ቃል በስንት መልክ እንደሚጻፍ የሚያውቀው ማን ነው? ፊደል የቈጠረው፣ ሰዋስው የተማረው የእኛው ፋኩልቲ ተማሪ አይደለምን?

ከዚህም በላይ ትምህርት የሚሆነን ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጽፉት ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ነበር። ዛሬ የዚያን ጊዜውን ፋይል ተገቢው የፊደል ቅርጽ በሌለው ኮምፒዩተር ብንከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርክርክ ይወጣል። በማባዣ መኪና የወጣ መጽሔት ግን ስንት ዘመን ቈይቶም፣ ቀለሙ ቢደበዝዝም ይነበባል። ኮምፒዩተር ስለተጠቀምን ብቻ ጽሑፋችን ዘላቂ አይሆንም፤ ዘላቂ የሚያደርገው ሌላ መሣሪያም ሊያነበው መቻሉ ነው።

መሣሪያው ሁሉን ይችላል ብለን አናታልልም። ስልክ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙን ፋይል ከባለቤቱ ይሸሽጋል። የአፕል ማስታወሻ በዚሁ ቋት ውስጥ ቢቀመጥም የጽሑፉ አካል ታምቆ ስለሚኖር እንዲሁ ቢከፍቱት አይነበብም። ማስታወሻውን የኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚያኖር ፕሮግራምም አለ፤ እዚያ ደግሞ የምንከፍተው ፋይል ራሱ በእጃችን የለም። ይህ ግን አሳባችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ምርመራው መደረግ ያለበት ከመጻፋችን በፊት ነውና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ፕሮግራም ሲመርጥ ከመልኩ አስቀድሞ «የጻፍኩትን በምን መልክ ትመልስልኛለህ?» ብሎ ይመርምር። ሁለተኛ፣ ኅብረታችን በየሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተር ክፍሉን አስፈቅዶ፣ የሚያውቁት ለማያውቁት ያሳዩ፤ ሁሉም ማስታወሻውን አውጥቶና ገልብጦ ይሂድ። ሦስተኛ፣ የትምህርት ክፍሎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ የመስክ ማስታወሻውንም ተናጋሪዎቹ ከፈቀዱ በተራ ጽሑፍ አብረው ይቀበሉ።

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ነው። ሽማግሌው የነገሩንን ቃል ተቀብለን በራሳችን ስንፍና ከቈለፍንበት ግን የረሳነው እኛ ነን፤ ጽፈነዋል ማለትም ምክንያት አይሆነንም።