ቃል ሲቈጠር በማን ቋንቋ ነው?

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። ሆኖም ባለፈው ክረምት እኛ አራት ተማሪዎች አንድ የሥልጠና መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመተርጐም የተስማማነው በስልክ ነበር። ዋጋው በቃል 1 ብር ተባለ። የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሚቈጠር እኛም አልጠየቅንም፤ እነርሱም አልነገሩንም።

የመጀመሪያውን ክፍል ስናስረክብ 12,000 ብር ጠበቅን፤ የተላከልን ግን 8,100 ብር ሆነ። ብንጠይቅ፥ የተቈጠረው የአማርኛው ቃል ነው ተባልን። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የነገሩን ጠንቅ ይረዳዋል። «ስላልነገርናቸው» የምትለው አንዲት ቃላችን በእንግሊዝኛ ስድስት ቃላት ናት፤ አድራጊው፥ ተደራጊው፥ አሉታውና ምክንያቱ ሁሉ በግሡ ላይ ተጣብቀዋልና። እንግዲህ አሳጥሮና አጥርቶ የጻፈ ተርጓሚ ይከስራል፤ ያንዛዛ ይጠቀማል ማለት ነው። ይህ የሥራ ዋጋ ነውን? ከመካከላችን አንዱ በየዓረፍተ ነገሩ «እንግዲህ»ና «እንዲያውም» እንጨምር ብሎ አስቆን ነበር።

ሌላው ጓደኛችን ግን የቀረውን ክፍል እንያዝባቸው አለ። በዚህ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ጥፋቱ ግማሹ የራሳችን ሆኖ ሳለ መያዣ መያዝ አላማረንም። በማግሥቱ መጽሐፉን ይዘን ሄድንና አንድ ገጽ በኃላፊው ፊት ቈጠርን፤ እንግሊዝኛው 310፥ አማርኛው 207 ቃል ወጣው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከዚያ በፊት ነገሩን አስበውት አያውቁም። ልዩነቱን ለሁለት ከፍለን 1,950 ብር ተጨመረልን፤ የቀረውም ክፍል በእንግሊዝኛው እንዲቈጠር ተጽፎ ተፈረመ። ሌላው 1,950 ብር የስንፍናችን ዋጋ ሆኖ ቀረ።

ባንስማማስ ኖሮ? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የእኛ ቢጤ የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ የቃል ውልን አይንቅም፤ ነገር ግን ማስረዳቱ የከሳሹ ፈንታ ነው። ለስልክ ንግግር ምስክር ከየት ይመጣል? ለአራት ሺሕ ብር ለማይሞላ ገንዘብስ ፍርድ ቤት መመላለስ ትምህርቱን የሚያስጥል አይደለምን? በቴሌግራም የተላከች አንዲት መስመር፥ «በእንግሊዝኛው ቃል፥ 1 ብር፥ ሲረከቡ የሚከፈል» የምትል፥ ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

ከአሠሪዎች ይልቅ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። እኛ ስንደራደር ሳለ ከዚሁ ግቢ የሆነ ተማሪ በቃል 50 ሳንቲም እሠራለሁ ብሎ ደውሎ ነበር። ኃላፊው ራሳቸው ነገሩን። ልጁን ረኃብ ወይም የቤት ኪራይ አስገድዶት ይሆናል፤ አንፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ በ50 ሳንቲም የወሰደውን ነገ ሌላው በ30 ይወስድበታል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚተይቡትና ሕፃናትን በየቤቱ የሚያስጠኑት ጓደኞቻችንም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ዋጋችንን የሚያወርድልን ባለገንዘቡ ብቻ ነው ብለን ማማረር ራስን ማታለል ነው።

ማኅበራችን የዋጋ ሕግ ማውጣት አይችልም፤ ይህን አንጠይቅም። የምንጠይቀው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለየሥራው በዚህ ወር የተከፈለው ዋጋ፥ ያለ አሠሪና ያለ ሠራተኛ ስም፥ እንዲለጠፍ ነው። እንዲሁም አንድ ገጽ የውል ቅጽ ይባዛልን፤ ምን እንደሚቈጠር፥ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፥ እርማት ስንት ጊዜ በነፃ እንደሚሠራ፥ ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል የሚጻፍበት። ረቂቁን አዘጋጅተን ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥተናል፤ የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ሄዳችሁ አንብቡትና ስሕተቱን አርሙልን።