«ሻጩ ይጎትተዋል አለኝ፤ ባለቤቴ ግን አልሳፈርም አለች»

ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማትና ምራት ነው። የዛሬውም ደብዳቤ አማት አለበት፤ ጭቅጭቁ ግን የመኪና ነው። የመጣው ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ስቴት፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ከተማ ሲሆን ጸሐፊው የ34 ዓመት ወጣት ነው። ስሜ አይውጣ ስላለ አይወጣም። ቀኑ ስላጠረበት ዋናውን መልስ ለብቻው ልኬለታለሁ። እዚህ ያለነው ደግሞ ወንድም እህቶቻችን እዚያ ምን ምን እንደሚጨቃጨቁ ብናውቅ አይከፋም።

«ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ» ይላል ደብዳቤው። «አምና ባለ አራት በር ፒክአፕ ገዛሁ። አሁን ደግሞ ሰመር ሲመጣ ከልጆቼ ጋር ተራራ ለተራራ የምንዞርበት፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው ተሳቢ ቤት (እዚህ ትራቭል ትሬለር ይሉታል) ለመግዛት 1,000 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። የፒክአፑ ብሮሹር 11,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። ተሳቢው ባዶውን 6,100፣ እስከ መጨረሻው ቢጫን 7,600 ፓውንድ ነው። ሻጩም ‘እንኳን ይህን፣ ሌላም ትጨምርበታለህ’ ብሎኛል። ባለቤቴ ግን የጓደኛችን ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ሲወዛወዝ ከኋላ ሆና አይታ ‘እናቴንና ልጆቼን ይዤ አልሳፈርም’ ብላ ድርቅ አለች። እናቷ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ተሳቢ አያስፈራኝም፤ አባቴ በአሰብ መንገድ ዘመን ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ ነው ያደግሁት። ቀብዴን ማስመለስ የምችለው በአሥር ቀን ውስጥ ነው። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልህ፦ ባለቤትህ ልክ ናት። ሻጩም ዋሽቶሃል አልልም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። እሱ ያወራልህ መኪናህ ስንት እንደሚጎትት ነው። ስንት እንደሚሸከም ግን አልነገረህም፣ አንተም አልጠየቅኸው። በሬ ይጎትታል፣ አህያ ይሸከማል። ያንተ ፒክአፕ ግን ሁለቱንም ባንዴ እንዲሆን ነው የተፈለገው።

እዚህ ላይ ያሳሳተህ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአባትህ መኪና ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር መንገድ የለመድነው የከባድ መኪና ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማዎች አሉት። ጭነቱን ራሱ ተሸክሞ ይቆማል፤ የፊት መኪናው ሥራ መሳብ ነው። የአንተ ተሳቢ ቤት ግን ጎማዎቹ ያሉት መሀል አካባቢ ብቻ ነው። ከፊት የሚያያዝበት ክንዱ የሚያርፈው የት ነው? በመኪናህ ጋንቾ ላይ ነዋ! ስለዚህ የተሳቢው ከፊል ክብደት መኪናህ ጀርባ ላይ የተጫነ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ይህ ክብደት ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሆን ይገባል። ለሒሳብ 13 በመቶ መያዝ ጥሩ ነው።

አሁን ተነሥና የሾፌሩን በር ክፈት። በሩ ሲዘጋ በሚሸፈነው የመኪናው ምሰሶ ላይ ስለ ጎማና ስለ ጭነት የሚናገር ትንሽ ስቲከር አለ። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ ኪሎና ፓውንድ መብለጥ የለበትም ይላል። ከብሮሹሩ ሁሉ የሚበልጥብህ ይህ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ስለ አንተ መኪና ብቻ የተጻፈ ነው። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት ፒክአፖች እዚህ ስቲከር ላይ በብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ፣ ሰፊ ጋቢና ካለው፣ የጣሪያ መስኮትና የቆዳ ወንበር ከተጨመረለት፣ ያ ሁሉ ከመሸከም አቅሙ ላይ ይቀነሳል። ቅንጦት ኪሎ አለው!

የስቲከርህን ቁጥር አልጻፍክልኝም። በእንዲህ ዓይነት ባለ አራት በር ፒክአፕ ላይ ያልተለመደ ያልሆነውን 1,480 ፓውንድ ወስጄ ልደምርልህ። አንተ 180፣ ባለቤትህ 145፣ አማትህ 150፣ ሁለቱ ልጆች ከነወንበራቸው 110 ብንል 585 ሆነ። ካሶኒው ላይ የምትጭነው ከሰል፣ የበረዶ ሣጥን፣ ወንበርና ጠረጴዛ 150 ይሁን (ሀበሻ ለሽርሽር ሲወጣ 150 ፓውንድ ትሕትና ነው)። ክብደት አከፋፋይ የሚባለው የጋንቾ ዕቃ ራሱ 90 ገደማ ይመዝናል። ተሳቢህ ተጭኖ 7,000 ፓውንድ ቢሆን የዚያ 13 በመቶ 910 ነው። ሁሉንም ደምረው፤ 1,735 ፓውንድ! ከስቲከሩ በ255 ፓውንድ፣ ማለትም በ116 ኪሎ ገደማ አለፍክ። ልብ በል፣ የብሮሹሩን 11,000 ፓውንድ ልትደርስበት ገና 4,000 ይቀርሃል። ሻጩ «ሌላም ትጨምራለህ» ያለህ በዚህች በባዶዋ 4,000 ነው።

«ባዶውን 6,100 ነው ካልክ ለምን 7,000 አልከው?» እንዳትለኝ። ባዶ ተሳቢ ውስጥ ማን ይተኛል? ውሃ ብቻውን፣ 40 ጋሎን የሚይዝ በርሜል ሲሞላ 334 ፓውንድ ነው። ባትሪ፣ ጋዝ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የልጆች ብስክሌት ሲጨመር 900 ፓውንድ ሳታውቀው ይገባል። ብሮሹሩ ላይ ያለው የፊት ክንድ ክብደትም የባዶው ተሳቢ ክብደት ነው። በእሱ ሒሳብ የሠራ ሰው ገና ከግቢ ሳይወጣ ተሳስቷል።

ታዲያ 11,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። የአሜሪካ አውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለ የመፈተኛ መለኪያ በ2008 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ቶዮታ ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ ቀድሞ ተቀበለው፣ ሌሎቹ ትልልቅ የፒክአፕ አምራቾችም ተከተሉ። መኪናው አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባለው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ላይ፣ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በማያንስ ሙቀት፣ ኤሲው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ተሳቢውን እየጎተተ ይወጣል። ከባድ ፈተና ነው፣ አልክድም። ግን ውስጡ የሚቀመጡት ስንት ሰዎች ናቸው? ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ! አማት የለ፣ ልጅ የለ፣ ከሰል የለ። የፊት ክንዱም ክብደት የሚያዘው በ10 በመቶ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያንተን ቤተሰብ ግን አያውቀውም።

ብታልፈው ምን ይመጣል? የኋላው ባሌስትራ ይተኛል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ አይጨብጡም። መሪው ቀለል ይልሃል፤ ደስ ያሰኝ ይሆናል፣ ግን የቀለለ መሪ ኩርባ ላይ አይታዘዝም። የኋላ ጎማ ይግላል፣ ፍሬን ለመያዝ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። አንተ ደግሞ የምትኖረው ዴንቨር ነው። ከተማዋ ራሷ 5,280 ጫማ ላይ ናት፤ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ስትወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። እዚያ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል። አንዳንድ አምራቾችም በመመሪያ መጽሐፋቸው ለየ1,000 ጫማው ከመኪናውና ከተሳቢው ድምር ክብደት 2 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። ከዋሻው ወዲያ ማዶ ደግሞ እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቅሃል። ይህን እንኳ አባትህን ጠይቃቸው። ጣርማ በርን ሲወርዱ እግራቸውን ፍሬን ላይ አስተኝተው ነበር ወይስ በከባድ ማርሽ?

ሰው ብዙ መድኃኒት ያዝልሃል። «ባሌስትራ ጨምርበት፣ የአየር ከረጢት አስገባለት» ይሉሃል። መኪናው ቀና ብሎ ይቆማል፣ እውነት ነው፤ የበሩ ስቲከር ግን አይቀየርም፤ አክስሉ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ ያው ናቸው። ክብደት አከፋፋዩ ጋንቾም ቢሆን ግዴታ የሚያስፈልግህ ዕቃ ነው፤ ከኋላ ያረፈውን ጭነት ወደ ፊት ጎማዎችና ጥቂቱን ወደ ተሳቢው ይመልሳል። የመኪናውን ልክ ግን ከፍ አያደርግም። ጋንቾው ላይ ራሱ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፣ ያለ አከፋፋይና ከአከፋፋይ ጋር ስንት እንደሚችል ለይቶ ይነግርሃል። አንብበው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ዕቃውን ወደ ተሳቢው ኋላ ውሰደው፣ ፊቱ ይቀልልሃል» የሚለው ምክር ነው። ኧረ በሕግ! የፊት ክንዱ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ነው ተሳቢ እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ የሚጀምረው። የጓደኛችሁ ተሳቢ ለምን እንደተወዛወዘ ሳላየው አልፈርድም፤ ፍጥነትም፣ የጎን ነፋስም፣ በአጠገብ የሚያልፍ ከባድ መኪናም ያደርገዋል። ቢደርስብህ ግን ይህን ያዝ፦ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የመኪናውን ፍሬን አትርገጥ፣ ጋቢናው ውስጥ ባለችው መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅህ ያዝ። ነዳጅ ሰጥተህ ላምልጠው አትበል። አማትህን ተሳቢው ውስጥ አስቀምጠን እንሂድ የሚል ሐሳብ ካለህ ደግሞ ገና ከአሁኑ ጣለው። በብዙ ስቴቶች ክልክል ነው፤ በማይከለክሉትም ቢሆን እኔ አልፈቅድልህም።

አሁን ወደ አሥሩ ቀንህ እንመለስ። ቅዳሜ ነዳጅ ሙላ፣ ባለቤትህንና ልጆችህን አሳፍር፣ ለጉዞ የምትጭነውን ካሶኒው ላይ ጫን፣ ከዚያ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ማደያ ሂድ። እዚያ ሚዛን አለ፤ በጥቂት ዶላር የፊትና የኋላ ጎማዎችህን ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጥሃል። ደግነቱ፣ መኪናው ከነሰዉ ስለሚመዘን ማንንም «ኪሎህ ስንት ነው?» ብለህ አታስቀይምም። አማትህ ስላልመጡ በምትካቸው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አይሁን እንጂ የሚመጣጠን ነገር ጫን። በሩ ላይ ካለው ሌላው ስቲከር የመኪናውን ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት አንብብና ከእሱ ላይ ሚዛኑ የሰጠህን ቀንስ፤ የአከፋፋዩንም 90 ቀንስ። የቀረችህ ለተሳቢው ፊት የምትበቃዋ ናት። እሷን ለ0.13 አካፍል። በእኔ ምሳሌ 655 ፓውንድ ቀረ፤ ሲካፈል 5,000 ገደማ ይመጣል። 11,000 የተባለው መኪና በአንተ ቤተሰብ ሲለካ የ5,000 መኪና ሆነ።

ስለዚህ መንገድህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሻጩ ጋ ሄደህ ቀብዱን ሙሉ ጭነቱ 5,000 አካባቢ ወደሆነ ተሳቢ እንዲያዛውርልህ መጠየቅ። ልጆች የሚተኙበት ተደራራቢ አልጋ ያላቸው ትናንሽ ተሳቢዎች አሉ፤ ጠበብ ይላሉ፣ አማትና አማች ይተዋወቃሉ። ሁለተኛው፣ ያንኑ ትልቁን ተሳቢ ከወደድከው ፒክአፑን አንድ ደረጃ ከፍ ወዳለው ወደ 2500 ክፍል መቀየር ነው። እዚያም ስቲከሩን ሳታነብ አትግዛ፤ የናፍጣው ሞተር ራሱ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከቤንዚኑ ያነሰ ነው የሚሸከመው። እኔን ብትጠይቀኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ የሰው ገንዘብ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ሰመር በትንሹ ሞክራችሁት ልማዱን ማወቅ ስለሚሻል ነው።

ጓደኞችህ ፊት ስለሚሆነው ምንም አልጻፍክም፤ ጽፈህ የሰረዝከው መስመር ግን ይነበባል። 1,000 ዶላር ከቀረበት ሰው የሚስቅ ጓደኛ ካለ ይሳቅ። ወደ ሻጩ ስትሄድ ግን ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ፤ የበሩን ስቲከር እሷ ታንብብ፣ አንተ ጻፍ።